አንድ ኮሚክ፣ ሦስት ሽፋን፦ አራተኛውን ከመግዛቴ በፊት ምክር ስጡኝ

የማራኪ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ጉዳዩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ጥምቀት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ አራት የሆረር ኮሚኮች፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ የሚያስፈሩ ታሪኮች፣ ይዞልኝ መጣ። ሥዕል እንደምወድ ያውቃል። ከአራቱ ሦስቱ ግን አንድ ናቸው። ከተከታታዩ ያው ቁጥር 1፣ ያው ታሪክ። ገጽ በገጽ አስተያየኋቸው፣ የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ የላቸውም። የሚለያዩት በሽፋን ብቻ ነው። አንዱ ላይ ሐይቅ ዳር የቆመ አሮጌ ቤት አለ። ሁለተኛው ላይ ያው ቤት በእርሳስ ብቻ ተሥሏል፣ ቀለም የሚባል አልነካውም። ሦስተኛው ጥቁር ነው። ቤቱ ራሱ አይታይም፣ ሁለት መስኮቶች ብቻ ገርጥተው ይታያሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ ሦስት የተለያየ መጽሐፍ ቢይዝልኝ ምን ነበረበት ብዬ።

ከዚያ አንድ ማታ መብራት ሄደ። ሻማ ልፈልግ ስነሳ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት አረንጓዴ መስኮቶች ያበራሉ። ጥቁሩ ሽፋን ነው። በአንደኛው መስኮት ውስጥ ደግሞ የልጅ ፊት አለ። ፊቱ በቀን አይታይም፣ በጨለማ ብቻ ነው የሚወጣው። ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ከሳሎን «አንተ፣ ሻማው የታለ?» እያለች ትጣራለች፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ይሄ ነገር አለቀቀኝም።

አሁን ኮሚኮቼ 14 ደርሰዋል። ብዙዎቹን ከሚመጣ ከሚሄድ ሰው ነው ያገኘኋቸው። በቀደም ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝ። የዚሁ የኔ ቁጥር 1 አራተኛ ሽፋን አለው። ቀይ ነው፣ ሐይቁ በሙሉ ደም መስሏል። ፎቶውን ካየሁት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። «ከ25 አንድ ብቻ የሚገኝ ነው» ይላል። የጠየቀኝ 6,000 ብር ነው። እስከ ቅዳሜ ካልወሰንክ ለሌላ እሰጠዋለሁ ብሎኛል። 6,000 ብር ለኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ እየጻፍኩ ነው የማገኘው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ መሰላል ላይ ቆሜ የምሠራበት ነው።

እና «ከ25 አንድ» ማለት ምን ማለት ነው? እውነት መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? ሌላው ደግሞ ክረምት እየመጣ ነው፣ ቤታችን የድንጋይ ቤት ስለሆነ ግድግዳው ይረጥባል። ሽፋኖቹ እንዳይበላሹብኝ ላሚኔት ላስደርጋቸው አስቤ ነበር። እንዴት ይመስላችኋል?

የኮሚኩን ርዕስ ያልጻፍኩት ሻጩም እዚህ ሊያነብ ስለሚችል ነው።


ወረቀት ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ተወውና መጀመሪያ ይህን ስማኝ። ላሚኔት እንዳታስደርግ። በፍጹም!

እኔ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በጥረዛና በኅትመት ሥራ ነው የምተዳደረው። በቀን ስንት ዲፕሎማና መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። ማሽኑ የሚሠራው በሙቀት ነው። ላስቲኩ ላይ ያለው ሙጫ ይቀልጥና ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳል። አንዴ ከተዋሐደ መመለሻ የለውም፣ ላላቅቀው ብትል ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ደግሞ ሽፋኑን ወደ ማሽኑ ለማስገባት ስቴፕሉን መንቀል አለብህ። ስቴፕሉ ከተነቀለ ኮሚኩ ኮሚክ መሆኑ ቀረ። አንዲት ልጅ ሌላ ቦታ አስደርጋው የነበረ አንድ ኮሚክ ይዛልኝ መጥታ ነበር፣ ሽፋኑ የሚያብለጨልጭ ፎይል ነው። ፎይሉ አየር ቋጥሮ ተጨማዷል። «ታስተካክልልኛለህ?» አለችኝ። ምንም ላደርግላት አልቻልኩም። እስካሁን ፊቷ ይታየኛል።

አሁን ያሉህን የት ነው ያስቀመጥካቸው? የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ውስጥ ከሆኑ ዛሬውኑ አውጣቸው። ያ ለስለስ የሚለውና የሚሸተው ላስቲክ ፒቪሲ ነው። ሲቆይ ይላቆጣል፣ ከሽፋኑ ቀለም ጋር ይጣበቃል። የሚሻለው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ስትነካው ይንኮሻኮሻል፣ አዲስ ሸሚዝ ታሽጎበት የሚመጣው ዓይነት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ማይላር ነው፣ ግን ውድ ነው፣ እዚህም አይገኝም። ለጥቁሩ ብቻ አንድ ማይላር ብታስመጣ ገንዘብህ አይጎዳም።

ከኮሚኩ ጀርባ እንዳይታጠፍ ካርቶን ይደረጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ማንኛውም ካርቶን አይሆንም። የጫማ ወይም የብስኩት ካርቶን አሲድ አለው፣ በጊዜ ብዛት ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። አሲድ የሌለው ተብሎ ለኮሚክ የሚሠራ ነጭ ካርቶን አለ። የአክስትህ ልጅ መቶ ላስቲክና መቶ ካርቶን ቢያመጣልህ ለዓመታት አታስብም። የአሁን ዘመን ኮሚክ ወርዱ 17፣ ቁመቱ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ «ከረንት ሳይዝ» ብሎ ይጠይቅ።

ስለ ክረምቱ ደግሞ የማውቀውን ልንገርህ። የወረቀት ጠላቱ እርጥበት ነው። ገጹ ይነፋል፣ ሻጋታ ይመጣል፣ ከዚያ ስቴፕሉ ይዝጋል። ኮሚኩን በቀስታ መሀሉ ላይ ክፈተውና ስቴፕሉ ወረቀቱን የነከሰበትን ቦታ በደንብ እየው። ቡናማ ነጥብ ካየህ ዝገቱ ጀምሯል ማለት ነው። ከግድግዳው አርቀው፣ መሬት ላይ አታስቀምጠው፣ ሳጥን ውስጥ ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ እንዳይጋደል በደንብ ደግፈው። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸውን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች አትጣል፣ ሳጥኑ ውስጥ ክተታቸው። ስኮች የሚባል ነገር ሽፋን ላይ እንዳይለጠፍ። እናትህ ቡና የምታፈላው ሳሎን ከሆነ ሳጥኑን ሌላ ክፍል አድርገው፣ የዕጣን ጭስ ወረቀት ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ስለ ዋጋውና ስለ ሽፋኑ ዓይነት ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመልስልህ።


ሰማያዊ ክር፦

የማራኪ ልጅ፣ የመብራቱን ነገር ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ። እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት አራዳ ነው፣ አሁን ግን አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ሆረር ኮሚክ መሰብሰብ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

የአክስትህን ልጅ አመስግነው። ሦስቱን አንድ ላይ ያመጣው ሳያውቅ አይደለም። እነዚህ ቫሪያንት ሽፋን ይባላሉ። ውስጡ አንድ ሆኖ ሽፋኑ በተለያየ ሠዓሊ ወይም በተለያየ መንገድ ይሠራል። በእርሳስ ብቻ ያለው ስኬች ሽፋን ነው። ርዕስም ስምም ሳይጻፍበት ሥዕሉ ብቻውን የሚታተመው ቨርጂን ይባላል። ባዶ ነጭ የሆነም አለ፣ ሠዓሊ ስታገኝ ራሱ በእጁ እንዲሥልበት ነው። አንተ እኮ ሠዓሊ ነህ፣ አንድ ነጭ ቢገጥምህ ራስህ ሥራበት። ጥቁሩ በጨለማ የሚያበራው ነው። ቀለሙ ብርሃን ይጠጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይተፋዋል። ብርሃን ልታጠጣው ብለህ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው፣ ፀሐይ ሌላውን ቀለም ያነጣዋል። የስልክህ ባትሪ መብራት ለአንድ ደቂቃ በቂው ነው።

አሁን ወደ «ከ25 አንድ» እንምጣ። ብዙ ሰው በዓለም ላይ 25 ብቻ የታተመ ይመስለዋል። አይደለም። ነገሩ ስለ ትዕዛዝ ነው። አሜሪካ ያለ የኮሚክ ሱቅ ያዘዘውን ሁሉ ገዝቶ ነው የሚወስደው፣ ካልተሸጠ በአብዛኛው መመለስ አይችልም። ስለዚህ ባለሱቁ ብዙ ለማዘዝ ይፈራል። አሳታሚው ደግሞ ብዙ እንዲያዝለት ይፈልጋል። እና «ከመደበኛው ሽፋን 25 ካዘዝክ ከልዩው አንድ እንድታዝ እፈቅድልሃለሁ» ይለዋል። 50 ካዘዘ ሁለት ያገኛል። 1 ለ 10 አለ፣ 1 ለ 50 አለ፣ 1 ለ 100 አለ። አሁን ባለሱቁን አስበው። አካባቢው ያለው አንባቢ 15 ብቻ ነው። ለዚያች አንድ ልዩ ሽፋን ሲል ግን 25 አዘዘ። አሥሩ መደርደሪያ ላይ ቀረበት። የአሥሩን ኪሳራ የት ይጥለው? ልዩው ሽፋን ላይ። ዋጋው የሚሰቀለው በዚህ ነው። ሽፋኑ የግድ ከሌላው ስላማረ አይደለም።

እውነት መሆኑን እንዴት ታውቃለህ? ባርኮዱን ጠይቅ። ይህን ማንም ገና ሳይጀምር ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። አንድ ኮሚክህን አውጣና ባርኮዱን እየው። ትልቁ ክፍል 12 አሃዝ አለው። እሱን ተወው። ከጎኑ ለብቻዋ የቆመች ትንሽ ባርኮድ አለች፣ አምስት አሃዝ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የእትሙ ቁጥር ናቸው። አራተኛው የሽፋኑ ቁጥር ነው። አምስተኛው ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ይነግርሃል። 00111 ካለ ቁጥር 1፣ አንደኛ ሽፋን፣ አንደኛ ኅትመት። 00121 ካለ ቁጥር 1፣ ሁለተኛ ሽፋን፣ አንደኛ ኅትመት። እስቲ ያሉህን ሦስቱን አይተህ ንገረኝ። ቨርጂን ሽፋን ከሆነ ባርኮዱ ከኋላ ሊሆን ስለሚችል አገላብጠው።

አሃዟ ሽፋኑ 1 ለ 25 መሆኑን በቀጥታ አትነግርህም፣ ስንተኛው ሽፋን እንደሆነ ብቻ ነው የምትነግርህ። ግን አሳታሚዎች ኮሚኩ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ሽፋን በስንት ትዕዛዝ እንደሚሰጥ ያሳውቃሉ። ቁጥሩን ከዚያ ጋር ማመሳከር ነው። ሻጩ የባርኮዱን ፎቶ አልልክም ካለህ ተወው፣ ቅዳሜም ይለፍ።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበልህ፣ ብዙ ልጆች የሚጎዱበት ቦታ ስለሆነ። አንዳንዱ ሰው ልዩ ሽፋን ሁሉ ነገ ሀብት ይሆናል ብሎ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም ኤክስ ሜን ቁጥር 1 በአምስት ሽፋን ወጣ። አራቱን ጎን ለጎን ስትደረድራቸው አንድ ትልቅ ሥዕል ይሆናሉ። ሰው አምስቱንም በእጥፍ በእጥፍ እየገዛ አስቀመጠ። ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው የወጣው። ሁሉም ሰው ያስቀመጠውን ነገር ማን ይገዛሃል? ዛሬ በጥቂት ዶላር ታገኘዋለህ። ያ ገበያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተንኮታኩቶ ወደቀ፣ አሳታሚው ማርቭል ራሱ በ1996 መጨረሻ ላይ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ። በሌላ በኩል ደግሞ ዘ ዎኪንግ ዴድ ቁጥር 1 በ2003 ሲወጣ የታተመው 7 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ጥቁርና ነጭ የዞምቢ ታሪክ ነው፣ ያን ያህል ይደርሳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሰው አንብቦ አንብቦ ጣለው፣ አጣጠፈው። ዛሬ ንጹሕ ሆኖ የተረፈ አንድ ቅጂ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ልዩነቱ ይታይሃል? እንዲወደድ ተብሎ የተሠራው ረከሰ፣ ሊነበብ ብቻ የወጣው ተወደደ።

ስለዚህ ቀዩን ሽፋን የምትገዛው እንቅልፍ ስለነሳህ ከሆነ ግዛው፣ ያ በቂ ምክንያት ነው። ብርቅ ነው ስለተባልክ ብቻ ከሆነ ግን 6,000 ብርህን ያዝ።


የእናት ልጅ፦

እኔ ኮሚክ አልሰበስብም፣ ርዕሱ ስቦኝ ነው ያነበብኩት። ቅር እንዳይላችሁ፣ ከልቤ የምጠይቀው ነው። ይሄን የሚያስፈራ ሥዕል ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? የአሥር ዓመት ወንድም አለኝ። ከጓደኛው ተውሶ አንዱን አየና ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሲቃዥ ነበር። መብራት አጥፍቶ መተኛት አቃተው። አያታችን የጅቡንም የጭራቁንም ተረት ታወራልን ነበር፣ እኛም እንፈራ ነበር። ግን እሷ ፊታችንን እያየች ነው የምታወራው። ሲበዛብን «በሉ የቀረው ለነገ» ብላ ታቆማለች። መጽሐፍ ፊት አያይም። የማራኪ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ እባክህ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው። እናትህስ ምን አሉ?


ጡረታ የወጣው መምህር፦

የእናት ልጅ፣ ልጄ፣ ስጋትሽ የዋዛ አይደለም። ለወንድምሽም አዝኛለሁ። ይህ አሁን አንቺ የጠየቅሽው ጥያቄ በዚያው በአሜሪካ አገር ምክር ቤት ድረስ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም ኒው ዮርክ ውስጥ የሴኔት ኮሚቴ ተሰብስቦ ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል ወይስ አያበላሽም ብሎ መረመረ። ዊልያም ጌይንስ የሚባል የሆረር ኮሚክ አሳታሚ ቃሉን ሊሰጥ ቀረበ። ሴናተር ኬፎቨር አንድ ኮሚክ ከፍ አድርገው አሳዩት። ሽፋኑ ላይ መጥረቢያ የያዘ ሰው የተቆረጠ የሴት ጭንቅላት በፀጉሩ አንጠልጥሏል። ይህ ጨዋነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውየው ለሆረር ኮሚክ ሽፋን አዎ ብሎ መለሰ። ያ መልስ በጋዜጣ ወጥቶ አገር አወራበት። በዚያው ዓመት አሳታሚዎች ተሰብስበው ራሳቸው ደንብ አወጡ። «ሆረር» የሚለው ቃል በርዕስ ላይ እንዳይጻፍ ተከለከለ። ደም መጣጭና በድን ተነስቶ የሚሄድበት ታሪክም ቀረ። የጌይንስ የሆረር መጽሔቶች ብዙም ሳይቆዩ ተዘጉ። ደንቡ የላላው በ1971 ነው። ልብ በሉ፣ አገር ያወራው ስለ አንድ ሽፋን ነው። ውስጡን ስንቱ አነበበው?

እኔ ግን ሥዕል ስለሚያስፈራ ብቻ መጥፎ ነው አልልም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ የመላእክቱን ፊት፣ እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች። ልጅ ሆኜ አባቴ ይዞኝ ሲገባ የኔ ዓይን የሚቀረው ግድግዳው ላይ ነበር። በእሳት የተከበበ ዲያብሎስ አለ። የአባቴን ጋቢ ጨብጬ ነበር የማየው። ስፈራ ወደ ላይ እመለከታለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሼ ወደ ታች አያለሁ። የሣሉት ሰዎች ሁለቱን በአንድ ቤት ውስጥ ያደረጉት በከንቱ አይመስለኝም። አባቴ ግን እጄን አልለቀቀም ነበር። አንቺ ስለ አያትሽ ያልሽው ይህንኑ ነው። ለሕፃን የሚያስፈራ ነገር ብቻውን አይሰጥም።

የማራኪ ልጅ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ሠዓሊም ነህ። ሽፋኖቹን ስትሰበስብ ሠዓሊዎቹን ተማርባቸው። አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ተሥሎ ሦስት ዓይነት ፍርሃት ከሰጠ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ቁጭ ብለህ መርምር። ይህ ከ6,000 ብር በላይ ያወጣል።


የማራኪ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያሉኝን አድርጌዋለሁ፣ ትናንት ማታ ሦስቱንም ደርድሬ ቁጭ አልኩ። ባለ ቀለሙ ላይ ቤቱን ከሩቅ ነው የምናየው። በእርሳስ የተሠራው ላይ በሩ ቀርቧል፣ ትንሽም ገርበብ ብሏል፣ ይህን እስከ ትናንት አላየሁትም ነበር። ጥቁሩ ላይ ደግሞ ደጃፉ ላይ የደረስን ነው የሚመስለው። ሰው ወደ ቤቱ እየሄደ ነው! ሦስቱ ሽፋኖች አንድ መንገድ ናቸው።

ሰማያዊ ክር፣ ባርኮዶቹንም አየሁ። ልክ እንዳልሽው ነው። ባለ ቀለሙ 00111፣ እርሳሱ 00121፣ ጥቁሩ 00131። ለሻጩም ጻፍኩለት። መጀመሪያ ዝም አለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ላከ። 00112 ይላል። ሁለቴ አጉልቼ አየሁት፣ ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ። ምን ማለት ነው? የመጨረሻዋ 2 ከሆነች...

ወረቀት ወዳጅ፣ የደብተር ላስቲክ ውስጥ የነበሩት ስድስት ናቸው፣ ሁሉንም አውጥቻለሁ። የአንዱ ጥግ ትንሽ ተጣብቆ ነበር፣ በቀስታ ለቀቀልኝ። የሁለቱ ስቴፕል ላይ ቡናማ ነጥብ አለ። ላሚኔቱን ደግሞ እርም ብያለሁ።


ሰማያዊ ክር፦

የመንገዱን ነገር እንዴት እንዳየኸው! እኔ ያንኑ ኮሚክ ቤቴ አለኝ፣ ርዕሱን ባትጽፈውም አውቄዋለሁ፣ በሩን ግን አላስተዋልኩትም ነበር።

00112 ማለት ቁጥር 1፣ አንደኛ ሽፋን፣ ሁለተኛ ኅትመት ማለት ነው። መጀመሪያ የታተመው አልቆ ድጋሚ ሲታተም አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ የሽፋኑን ቀለም፣ አንዳንዴም ሥዕሉን ራሱን ይቀይሩታል፣ ከመጀመሪያው እንዲለይ። ቀዩ ሐይቅ ያ ነው። ከ25 አንድ የሚባለው ውስጥ አይገባም። እንደ ሌላው ኮሚክ በመደበኛ ዋጋ ነው የሚሸጠው፣ የዛሬ ኮሚክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዶላር ነው።

ልጁን ግን አታለለኝ ብለህ አትጣላው። ምናልባት እሱም ሲገዛ እንደዚያ ተብሎ ይሆናል። እዚህ አገር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ወሬው አብሮ ያድጋል። ባርኮዱን እንዴት እንደሚያነብ አስረዳውና ዋጋ ተነጋገሩ። ሁለተኛ ኅትመት የተናቀ ነገር አይደለም፣ አንዳንዴ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው የሚታተመው። ሽፋኑን ከወደድከው በልኩ ዋጋ ግዛው። ከመክፈልህ በፊት የታጠፈበትን፣ ስቴፕሉ ያለበትን ጠርዝ ፎቶ በቅርብ አስልክ። ስቴፕሎቹ አካባቢ ቀለሙን የሰበረች ነጭ መስመር ካለች ተከፍቶ ተጭኖ የተነበበ ነው። ለማንበብ ምንም አይልም፣ ለዋጋ ግን ይቀንሳል።


ወረቀት ወዳጅ፦

ቡናማ ነጥብ ያለባቸውን ሁለቱን ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጥ። ስቴፕሉን ራስህ ልንቀል እንዳትል፣ ይዘሃቸው ና፣ አብረን እናያቸዋለን። ፖሊፕሮፒሊን ላስቲክም ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ፣ ሲደርስ በመጣበት ዋጋ እሰጥሃለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።


የማራኪ ልጅ፦

ቅዳሜ አለፈ፣ የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ልጁ ደነገጠ። እሱም ከመንገደኛ በ5,000 ብር ነው የገዛው፣ ከ25 አንድ ነው ተብሎ። ሲናገር ድምፁ ተሰባብሮ ነበር፣ እኔም አዘንኩ። አንድ ሰዓት ያህል በስልክ አወራን። ያሉትን ሁሉ አወጣና ባርኮዳቸውን አብረን አነበብን። ከመሀላቸው አንዱ 00141 ነው። የአሳታሚውን ዝርዝር ፈልገን ስናመሳክር የእውነት 1 ለ 25 ሆኖ ተገኘ! ለካ በ400 ብር ሊሸጠው ነበር። በደስታ ጮኸ። ቀዩን በ1,500 ብር ተስማማን። ወደ ጎንደር የሚመጣ ዘመድ ነበረው፣ አዘዞ ድረስ ሄጄ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተቀበልኩት። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሀል አድርጎ ነው የላከው፣ ጥግ አልተነካም። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው የመጣሁት።

ቀዩ ላይ ሐይቁን የምናየው ከመስኮቱ ነው፣ ከቤቱ ውስጥ ሆነን። ማለትም ገብተናል። ጋሼ፣ ይህንን ሳይ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

የእናት ልጅ፣ ስለ እናቴ ጠይቀሽኝ ነበር። ሕፃን ቤታችን የለም፣ ሳጥኑ ግን ቁም ሣጥኑ ላይ ነው ያለው። እናቴ እስካሁን እነዚህን ነገሮች አትወዳቸውም ነበር፣ «ይሄን የጋኔን ወረቀት» ነበር የምትለው። ትናንት ማታ አራቱን በተራ አሳየኋት። ጥቁሩን ለማሳየት መብራቱን አጠፋሁት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው ብቻውን የተቀመጠው? እናት የለውም?» አለችኝ። እንግሊዝኛ ስለማትችል በአማርኛ እየተረኩላት ነው። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ነው የምትሰማው። ገጽ 9 ላይ ስንደርስ «በቃ፣ የቀረው ለነገ» አለች።